የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ጥሩ መሆኑን በምን እንለካው? መጀመሪያስ ምኑን እናስተካክል?

የእድር_ኮሚቴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እድራችን ከወላጆች ጋር ሆኖ የሚያስተዳድረው መዋዕለ ሕፃናት አለ። ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው 58 ልጆች ይውሉበታል። ሁለት መምህራንና አንዲት ሞግዚት አሉን። አንዷ መምህርት በቅድመ አንደኛ ደረጃ ዲፕሎማ አላት፤ ሌላዋ 12ኛን ጨርሳ በልምድ የምትሠራ ናት። ልጆቹ የሚማሩት በእድሩ አዳራሽ ነው፤ 7 በ8 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል፣ ቅዳሜና እሁድ እድርተኛው የሚሰበሰብበት። ግቢው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ አፈር ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል።

ወላጆች ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን «ልጄ ዓመት ሙሉ ተምሮ ስሙን አይጽፍም፣ እንግሊዝኛ አይናገርም፤ ማስጠበቅ እንጂ ማስተማር አይደለም» ይላል። ሌላው «ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይውላሉ፣ ይበቃል» ባይ ነው። ኮሚቴው ባለችው ትንሽ ገንዘብ ቴሌቪዥንና የግድግዳ ቻርት ለመግዛት አስቧል። ከመግዛታችን በፊት ሥራውን የምታውቁ ሰዎች ሐሳብ ስጡን። መምህር ያልሆንን ሰዎች ገብተን ምን ብናይ ጥሩውን ከመጥፎው እንለያለን? በቅድሚያስ የቱን እናስተካክል?

---

ክላስተር_ሱፐርቫይዘር

ቴሌቪዥኑን አትግዙ። የ4 ዓመት ልጅ ቋንቋ የሚለምደው የሚመልስለት ሰው ሲያናግረው ነው፤ ቴሌቪዥን ደግሞ ለጠየቀው አይመልስም። በዚያ ላይ 58 ልጅ ባለበት አዳራሽ ስክሪን ከገባ፣ የደከመች መምህርት በየቀኑ ከፍታው መቀመጧ አይቀርም። ገንዘቡ ሌላ ቦታ ብዙ ይሠራል።

ስለ መለኪያው። ከኮሚቴው ሁለት ሰው በአዘቦት ቀን ይግባ፤ ልዩ ዝግጅት እንዳይደረግ ከዋዜማው አይነገር። ጥግ ላይ ይቀመጡ፣ ልጆቹን አያናግሩ። ሰዓት ይዘው ለ40 ደቂቃ በየ2 ደቂቃው ቀና ብለው ክፍሉን ይቃኙና አብዛኛው ልጅ በዚያች ቅጽበት ምን እያደረገ እንደሆነ ምልክት ያድርጉ። ሦስት ምድብ ይበቃል፦ እየሠራ (እየተጫወተ፣ እያወራ፣ እየሣለ፣ ተረት እያዳመጠ)፣ እየጠበቀ (እጅ አጣጥፎ፣ ተሰልፎ፣ ደብተር እስኪታረም)፣ በኅብረት እየደገመ። 20 ምልክት ታገኛላችሁ። «እየጠበቀ» ከ5 በላይ ከሆነ ችግሩ የልጆቹ ጠባይ አይደለም፤ የቀኑ ፕሮግራም ነው። «በኅብረት እየደገመ» ከግማሽ በላይ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ አለ እንጂ ብዙም ትምህርት የለም፤ ከ58 ልጅ 10ሩ እየመሩ ሌላው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሊያልፍ ይችላል።

ቀጥሎ ለ10 ደቂቃ መምህርቷ የጠየቀችውን ጥያቄ ሁሉ ቃል በቃል ጻፉ። «ይህ ምንድን ነው?» «ቀለሙስ?» የሚሉት በአንድ ቃል የሚያልቁ ናቸው። «እንዴት ሠራሽው?» «ከዚያስ ምን የሆነ ይመስልሃል?» የሚሉት ልጁን ያናግራሉ። የሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ አንድም ከሌለ ሥልጠና የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። ከሦስት ቃል በላይ ያለው አንድ ሐረግ እንኳ የተናገሩ ልጆችን ቁጠሩ። እኔ አንድ ነገር ብቻ መለካት ትችላለህ ብባል የምለካው ይህን ነው። ብዙ የሚያወራ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚያነበውን ይረዳል፤ ሲደግም የከረመው ቃሉን ያነባል እንጂ ትርጉሙ ያመልጠዋል።

ሲወጡ ሲገቡ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ አንድ ልጅ ሲያለቅስ ማን፣ ምን ያህል ቆይቶ፣ እንዴት እንደሚደርስለት ነው። ዝቅ ብሎ ከልጁ ዓይን ትክክል የሚያናግር አዋቂ ካለ ቤቱ ደኅና ነው። ሁለተኛው አርጩሜ ነው። መደርደሪያ ላይ ወይም በር ጀርባ አርጩሜ ካለ «ለማስፈራራት ብቻ ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ማንበርከክም፣ ጆሮ መቆንጠጥም፣ ፀሐይ ላይ ማቆምም ያው ቅጣት ነው። የሚሻለው ልጁን ከጸቡ ቦታ ወስዶ አጠገብ ማስቀመጥ፣ የሆነውን በአጭሩ መንገር፣ ከ3 ወይም 4 ደቂቃ በኋላ ወደ ጨዋታው መመለስ ነው። የሚማታ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ጠቦት፣ አሻንጉሊቱ አንሶት ወይም ተራ ሲጠብቅ ሰልችቶት ነው።

አሁን ወደ ክፍላችሁ። 7 በ8 ማለት 56 ካሬ ነው። 58 ልጅና ጠረጴዛ ሲገባበት ለአንድ ልጅ አንድ ካሬ እንኳ አይደርሰውም፤ በዚህ ሁኔታ የፈለገችውን ያህል ጎበዝ መምህርት ብትኖር ልጆቹን ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ የላትም። ሌላ ክፍል መሥራት ካልቻላችሁ ልጆቹን በዕድሜ ለሁለት ክፈሉ፤ አንዱ ቡድን ውስጥ ሲሆን ሌላው ደጅ ይሁን። ያኔ ለአንድ ልጅ ሁለት ካሬ ገደማ ይደርሳል። ለምሳሌ፦ ከ2:15 እስከ 2:45 መቀበያና ነጻ ጨዋታ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ሁሉም ክብ ሠርተው ሰላምታና መዝሙር (ለ4 ዓመት ልጅ ከ15 ደቂቃ ካለፈ መቁነጥነጥ ይጀምራል)፣ ከ3:00 እስከ 4:00 ትንንሾቹ ደጅ ትልልቆቹ ውስጥ፣ ከ4:00 እስከ 4:30 እጅ መታጠብና መክሰስ፣ ከ4:30 እስከ 5:30 መቀያየር፣ ከዚያ ተረት፣ 6:00 ሰዓት ርክክብ። ሞግዚቷ ሁልጊዜ ደጅ ካለው ቡድን ጋር ትሁን፤ መጸዳጃም መውደቅም ያለው እዚያ ነው። ውስጥ ላለችው መምህርት በየቀኑ አንድ ወላጅ በተራ ይርዳት። 58 ወላጅ ቢከፋፈለው ለአንድ ሰው በሦስት ወር አንዴ ነው የሚደርሰው።

ውስጥ ያለው ሰዓት በአራት ማዕዘን ይከፈል፣ በእያንዳንዱ 7 ወይም 8 ልጅ፦ ግንባታ፣ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ፣ ጭቃና ሥዕል፣ መጽሐፍ። አዳራሹ ቅዳሜና እሁድ ስለሚያስፈልግ የየማዕዘኑን ዕቃ ክዳን ባለው ሳጥን አድርጉት፤ ዓርብ ተከድኖ ጥግ ይቀመጣል።

ለግንባታ ከአናጺ ቤት የሚተርፍ እንጨት በ5 በ5 ውፍረት፣ 5፣ 10 እና 20 ሴንቲሜትር ርዝመት አስቆርጡና በብርጭቆ ወረቀት አስለስሱት። ወደ 100 ቁራጭ ለአንድ ማዕዘን ልጆች ይበቃል። ቀለም አትቀቡት፤ አንዳንድ የዘይት ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት፣ ልጅ ደግሞ አፉ ውስጥ ይከታል። ርዝመቱ እጥፍ በእጥፍ መሆኑን ችላ አትበሉ፤ ሁለት ባለ 10 አንድ ባለ 20 ሲሆን ልጁ በእጁ ሒሳብ እየሠራ ነው። ለዕቃ ዕቃ ጨዋታ እጀታዋ የተሰበረ ጀበና (ስለቱ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ)፣ የፕላስቲክ ስኒ፣ ነጠላ፣ ያረጀ ቦርሳ፣ የማይሠራ ስልክ ከወላጆች ሰብስቡ። ጭቃ አፈሩ በወንፊት ተነፍቶ፣ አድሮ ተቦክቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ጭቃው ቢያስቸግር 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ውሃና አንድ ማንኪያ ዘይት ተለውሶ በፌስታል ቢቋጠር ለቀናት ያገለግላል።

ብዙ ቦታ የሚበላሸው ዕቃው ካለ በኋላ ነው። «እንዳይሰበር» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ወይም ሁሉም በአንድ ቀን ይዘረገፍና በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ግማሹን አውጡ፣ ግማሹን አስቀምጡ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቀያይሩ። ሌላው ችግር ልጆቹ ሲጫወቱ መምህርቷ ደብተር ልታርም መቀመጧ ነው። የምትሠራበት ዋናው ሰዓት እኮ ያ ነው፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየሄደች፣ ተቀምጣ፣ እያናገረች። ቻርት ከሰቀላችሁም ከወለል 90 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይሁን። የ4 ዓመት ልጅ ቁመቱ አንድ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከበሩ ጉበን በላይ የተሰቀለውን የሚያነበው ጎብኚ ብቻ ነው።

---

ጤና_ኤክስቴንሽን

ሱፐርቫይዘሩ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን እቀይረዋለሁ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣበት ቤት የመጀመሪያው ወጪ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ማዕዘኑ ቢያምርም አይማርበትም።

ሒሳቡ ይኸው። አንድ ልጅ በቀን 3 ጊዜ ቢታጠብ፣ ለአንድ መታጠብ ሩብ ሊትር፣ ለ58 ልጅ 44 ሊትር ገደማ ነው። ለመጠጥ ግማሽ ግማሽ ሊትር ብትይዙ 29 ሊትር። ለመጸዳጃና ለወለል 20 ጨምሩ። በቀን ከ90 ሊትር በላይ፣ በሳምንት አምስት ቀን 450 ሊትር ግድም ማለት ነው። ባለ 500 ሊትር ሮቶ፣ ካልተቻለ ክዳን ያላቸው ሁለት ባለ 200 በርሜሎችና ጥቂት ጀሪካኖች። የመጠጡ ለብቻው ይቀመጥ፣ በቧንቧ ይቀዳ እንጂ በጣሳ አይጨለፍ። የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት፤ መጠኑ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ሆኖ 30 ደቂቃ ይቆይ።

አጠባው ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት አንድ ሳፋ ውሃ ቀርቦ 50 ልጅ በየተራ እጁን መንከሩ ነው። የመጨረሻዎቹ ልጆች ከገቡበት ቆሽሸው ይወጣሉ። ውሃው መፍሰስ አለበት፦ ቧንቧ ያለው ባልዲ፣ ወይም ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በገመድ ተንጠልጥሎ በእግር እየተረገጠ የሚያዘነብል። ደረቅ ሳሙና ከጠፋባችሁ ወይም መጫወቻ ካደረጉት በካልሲ ከትታችሁ አንጠልጥሉት። የሚረክሰው ግን 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና በ1.5 ሊትር ሃይላንድ ውሃ በጥብጦ ክዳኑን በሚስማር መብሳት ነው። አንድ ጠብታ ይበቃል። የጋራ ፎጣ አውጡ፤ እጃቸውን አራግፈው በነፋስ ያድርቁ።

መጸዳጃው የጉድጓድ ከሆነ የልጆቹ ቀዳዳ ከ15 ሴንቲሜትር ባይሰፋ ይመረጣል። የአዋቂው ቀዳዳ ያስፈራቸዋል፤ ስለሚፈሩም ይይዙታል ወይም አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። ብርሃን ይግባበት፣ መያዣ እንጨት ይኑረው፣ መወርወሪያው በውጭ በኩል ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። አለበለዚያ አንዱ ሌላውን ይዘጋበታል።

መጫወቻ ማጽጃ፦ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ በ99 እጅ ውሃ። ለትውከትና ለተቅማጥ አንድ እጅ በ9 እጅ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅ፤ ልጅ ከማይደርስበት ይቆለፍበት።

ጠዋት በር ላይ ስትቀበሉ እያንዳንዱን ልጅ እዩት። ትኩሳት 38 እና ከዚያ በላይ፣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ከትኩሳት ጋር ሽፍታ ካለ ይመለስ። ተቅማጥ ከቆመ ሁለት ቀን በኋላ ይምጣ። እከክ ሕክምና ከጀመረ በማግስቱ መምጣት ይችላል። የራስ ቅል ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚፈልግ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ሕክምና ከጀመረ ግን አታባርሩት። በቅማል ልጅ አይባረርም። ስትመዘግቡ የክትባት ካርድ ጠይቁ። የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ ነው፣ በ9 ወርና በ15 ወር፤ ሁለተኛው የሚረሳ ብዙ ነው። ተቅማጥ የጀመረው ልጅ ቤተሰቡ እስኪደርስ አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ዚንኩን ጤና ጣቢያ ይሰጡታል፣ 10 ቀን ሙሉ ይወሰዳል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ቆሎ፣ ለውዝ፣ ጠንካራ ከረሜላ በምሳ ዕቃ አይግባ። በተለይ እየሮጡ ሲበሉ ያንቃል። የታነቀና ድምፅ ማውጣት ያቃተው ልጅ ወደ ፊት ዘንበል አድርጋችሁ በመዳፍ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ በቡጢ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፤ እስኪወጣ አፈራርቁት። የማይታይ ነገር በጣት አትፈልጉ፣ የበለጠ ይገፋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፍ።

---

ፊደል_አስቆጣሪ

በአንድ ነገር ከሱፐርቫይዘሩ እለያለሁ። የወላጆቹን ጥያቄ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ፊደል መልመድ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጅ ይቻላል፣ ይወዱታልም። ስህተቱ አካሄዱ ላይ ነው።

231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚያወርድ ልጅ ማንበብ ይችላል ማለት አይደለም። ለመለየት መሃል ላይ «ሙ»ን አሳዩት። ከ«መ» ጀምሮ ቆጥሮ ከደረሰበት የሚያውቀው ዜማውን ነው። መጀመሪያ ጆሮ ይሥራ፦ «ላም፣ ሎሚ፣ ልጅ የሚጀምሩት በምንድን ነው?» «በ‹መ› የሚጀምር ስም ያለው ማነው?» በዚህ ጨዋታ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ 10 ደቂቃ ብትቆዩ ፊደሉ ሲመጣ የሚያያዝበት ድምፅ ያገኛል። ተረትና እንቆቅልህም እዚህ ይገባሉ፤ «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ቃል እየፈለገ ነው።

ከዚያ የልጁ የራሱ ስም። ስሙ በካርቶን ተጽፎ ኮት መስቀያው፣ ምሳ ዕቃው፣ ወንበሩ ላይ ይለጠፍ። ቀጥሎ በሳምንት 2 ወይም 3 ፊደል፤ በቅርጽ የሚራራቁ፣ ቶሎ ቃል የሚሠሩ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ በአንድ ሳምንት አታምጡ፤ ልዩነታቸው ከላይ ያለችው ሰረዝ ብቻ ስለሆነች ልጁ ይደባልቃቸዋል። አንዱ ጸንቶ ከቆየ በኋላ ሌላውን አምጡና «ምን ተጨመረበት?» በሉ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን (ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ) ለመዋዕለ ሕፃናት አንዳንዱ ይበቃል።

ቅጥያዎቹን በሥርዓታቸው አሳዩ። በብዙዎቹ ፊደላት ካዕቡ ቀኝ ጎኑ መሃል ላይ ሰረዝ አለው (ሉ፣ ቡ፣ ሱ)፣ ሣልሱ ቀኝ እግሩ ሥር (ሊ፣ ቢ፣ ሲ)፣ ኃምሱ እግሩ ሥር ቀለበት (ሌ፣ ቤ፣ ሴ)። ይህን ያየ የ6 ዓመት ልጅ ያልተማረውን «ኬ» ራሱ ይደርስበታል። ረ እና ፈ ከሥርዓቱ ስለሚወጡ ወደ ኋላ ይቆዩ። ሳድስና ሳብዕ እንደየፊደሉ ስለሚለያዩ በቃል ውስጥ እያዩ ይለመዱ።

መጻፍ ግን አይጣደፍ። የ4 ዓመት ልጅ ጣት ገና አልጠነከረም፤ በአንድ ገጽ 30 ጊዜ «ሀ» ማስገልበጥ የሚያስተምረው እርሳስ ማነቅን ነው። መጀመሪያ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ባቄላ በሁለት ጣት መልቀም፣ በልብስ መቆንጠጫ መቆንጠጥ፣ ወረቀት መቅደድ፣ ዶቃ መሰካት። ከዚያ በአሸዋ ትሪ ላይ በጣት፣ በመጨረሻ በእርሳስ። እርሳሱ አጭር ይሁን፤ ከጣት ርዝመት ብዙም ያልበለጠ እርሳስ በሦስት ጣት እንዲያዝ ያስገድዳል። በግራው የሚጽፈውን አታስለውጡት።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። እስከ 50 የሚቆጥር ልጅ ፊት 12 ቆርኪ አስቀምጡና «5 ስጠኝ» በሉት። ሙሉውን አፍሶ ከሰጣችሁ ቁጥር ገና አልገባውም። በየቀኑ በቆርኪ፣ በጠጠር፣ ወንበርና ልጅ በማዛመድ እስከ 10 ይጽና። ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለ የሚቆጥር ልጅ በደብተር ከሚገለብጠው ቀድሞ ይደርስበታል።

---

የእድር_ኮሚቴ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ቴሌቪዥኑን ትተን ውሃውን እናስቀድማለን። ሦስት ነገር ልጨምር። ወላጆቹን በእንግሊዝኛው ነገር እንዴት እናሳምን? በየሴሚስተሩ 1ኛ፣ 2ኛ እያልን የምንሰጠው ካርድስ ይቅር ወይ? ደግሞም ሁለተኛዋ መምህርት በየዓመቱ ትለቅብናለች፤ ይቺ ሦስተኛዋ ናት።

---

ክላስተር_ሱፐርቫይዘር

ፊደል አስቆጣሪ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ለትልልቆቹ ቡድን እንደዚያ ቢሄድ እኔም ደስ ይለኛል።

እንግሊዝኛው ላይ ለወላጆች ግልጹን ንገሯቸው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተወስኗል፤ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ይሰጣል። ስለዚህ ልጃቸው የሚያመልጠው ነገር የለም። በቀን 10 ደቂቃ መዝሙርና ሰላምታ ችግር የለውም። መምህርቷ ራሷ የማትናገረውን ቋንቋ ማስተማሪያ ማድረግ ግን ልጁን ዝም ያሰኘዋል፤ «ሲት ዳውን» እና «ስታንድ አፕ» ለምዶ ስሜቱን በአማርኛም መናገር ያቅተዋል። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚነገርበት ልጅ ካለ ደግሞ አንድ ሰላምታ፣ አንድ መዝሙር በቋንቋው ይኑር፤ የሚረዳው ወላጅ ተራው ሲደርስ ያምጣ።

ደረጃው ይቅር። በ5 ዓመት ልጆች መካከል የአሥር ወር የዕድሜ ልዩነት ብቻ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ በካርዱ የምትሸልሙት ቀድሞ የተወለደውን ነው። በምትኩ ለእያንዳንዱ ልጅ የካርቶን ማኅደር ይኑረው። በየወሩ ቀን የተጻፈበት አንድ ሥዕል ይግባ፤ ከጀርባው ልጁ ስለ ሥዕሉ የተናገረውን መምህርቷ እንዳለው ትጻፍለት። የጥቅምቱና የግንቦቱ ጎን ለጎን ሲታይ ወላጅ ካርድ አይጠይቅም። ስብሰባውም በንግግር አይለቅ፤ ወላጆቹ የልጆቻቸው ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ጭቃውንና ቆርኪውን ይሞክሩት፣ «5 ስጠኝ» የሚለውን ከልጃቸው ጋር እዚያው ይሥሩት።

ለመስከረም አንድ ነገር አትርሱ። አዲሶቹን ሁሉ በአንድ ቀን አትቀበሉ። በቀን 8 ወይም 10 ልጅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለሁለት ሰዓት ብቻ። እናት ልጁ ሳያያት ተደብቃ አትሂድ፤ ተሰናብታው፣ መቼ እንደምትመለስ ነግራው ትሂድ። ተደብቃ የሄደችበት ልጅ በማግስቱ ከበሩ አይላቀቅም። ርክክብ ላይም ለእያንዳንዱ ልጅ መውሰድ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ስም በመዝገብ ይኑር፤ ጎረቤት ነኝ ባይ ሁሉ አይውሰድ።

---

ሒሳብ_ያዥ

ስለ መምህርቷ መልቀቅ አጭር መልስ። አብዛኛው የማኅበረሰብ መዋዕለ ሕፃናት ደመወዝ የሚከፍለው ወላጅ በሚከፍልበት 10 ወር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያለ ደመወዝ የቀረች መምህርት ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፤ መስከረም ላይ አትመለስም። ልጆቹም የለመዱትን ሰው ያጣሉ።

የዓመቱን የደመወዝ ድምር በ12 ወር አስሉ፣ ያንን ለ58 አካፍሉ፣ ውጤቱን በ10 ክፈሉት፤ የወር ክፍያው መነሻ ያ ነው። ከዚያ ላይ የማይከፍሉትን ቤተሰቦች ድርሻ (ከ58ቱ 6 ቢሆኑ ከ10 በመቶ ትንሽ ይበልጣል) በሌሎቹ ላይ ከመጫን እድሩ ከመዋጮው ቢሸፍነው ይሻላል። የሐምሌና የነሐሴው በየወሩ ተቀንሶ በሌላ የቁጠባ ደብተር ይግባ፣ በሦስት ፊርማ እንጂ አይውጣ፤ በአንድ ሒሳብ ከተቀመጠ ለጣሪያ ጥገና ወይም ለድንኳን መውጣቱ አይቀርም። ውሉም የ12 ወር መሆኑ በጽሑፍ ይሁን። ለ12ኛ አጠናቃቂዋ የክረምት ሥልጠና የሚከፈልላት ከሆነ፣ ስትጨርስ ስንት ዓመት እንደምታገለግልና ደመወዟ በምን ያህል እንደሚያድግ ውሉ ላይ አስገቡት። የሚመጣው ዓመት በጀት የሚጸድቀው በሰኔ ጠቅላላ ጉባኤ ከሆነ፣ ይህን ስሌት ከግንቦት በፊት ለኮሚቴው አቅርቡት።